ከወረቀት ነፃ

ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ ዳባት ዘጠኝ፣ ደባርቅ አሥራ ሦስት። በዚህ ሁሉ ዘመን ማንም አጨብጭቦልኝ፣ ሰርተፊኬት ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። የሰጡኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዋሸሁ ጊዜ።

ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ እንዳይመስላችሁ። የንስሐ አባት አለኝ፤ ለእሳቸው ነግሬያቸዋለሁ፣ ስግደትም ሰጥተውኛል፣ ሰግጃለሁ። ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ሆዴ አልበረደም። እንግዲህ የቀረኝ መጻፍ ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ነገሩ የጀመረው በታብሌት ነው። አንድ ድርጅት ለትምህርት ቤታችን ታብሌቶችና አንዲት ጥቁር ማሽን ሰጠ፤ የተቀመጡበትን ክፍል “ላብ” አልነው። ማሽኗ ኢንተርኔት ባይኖርም ታብሌቶቹን እርስ በርስ ታገናኛለች፤ አስተማሪው አሳይመንቱን ይጭናል፣ ተማሪው ሠርቶ ይልካል፣ ውጤቱ እዚያው ይመዘገባል። ኔትወርክ ከሚኖርበት ቀን የሚጠፋበት ለሚበዛ አገር እንዲህ ያለ ነገር መጣ ሲባል እልል ያላለ የለም። እኔም እልል ብያለሁ። የቾክ ብናኝ ሃያ ሁለት ዓመት የዋጠ ሰው ሌላ ምን ይላል? ጎንደር ወርጄ አምስት ቀን ሰለጠንኩና “ፎካል ፐርሰን” የሚል ሹመት ይዤ ተመለስኩ። የታብሌቱ ተጠሪ እንደ ማለት ነው፤ ጥፋት ሲመጣ ብቻ የሚጠራ ሹመት።

ስልጠናው ላይ የታዘዝነው የድሮ አሳይመንታችንን ለዲጂታል ክፍል በሚሆን መልክ እንድንቀይር ነበር። እኔ ይዤ የሄድኩት በጣም የምወደውን ነው። በየዓመቱ አሥረኛ ክፍሎችን “ከመንደራችሁ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ የኖረበትን ሥራ ከአፉ ሰምታችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ” እላቸዋለሁ። እንግሊዝኛው ይንጋደዳል፣ ያነክሳል፤ ግን በእሱ ስንቱን አንብቤበታለሁ! ለጅብ ወጥመድ ሠርቶ የራሱን ውሻ የያዘ ሽማግሌ። ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ እንቅልፍ ወስዷት፣ ስትነቃ የሌላ ሰው ዱቄት ተሸክማ የሄደችና እስከ ዛሬ ያልመለሰች ባልቴት። እነዚህን ሳነብ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አንዳንዴም አለቅሳለሁ።

አሠልጣኙ ጎረምሳ አየት አደረገውና “ረዘመ” አለኝ። “ተማሪ ስክሪን ላይ ረጅም ነገር አይጽፍም። በምርጫ ያድርጉት።” በምርጫ አደረግሁት። የጠየቅሁት ሰው፦ ገበሬ፣ ቄስ፣ ነጋዴ፣ ሌላ። ሥራው፦ ቀላል፣ ከባድ፣ በጣም ከባድ። ድንቄም ታሪክ! የሰው ዕድሜ በሁለት ጣት ንክኪ አለቀ። ደባርቅ ስመለስ ግን ሆዴ እምቢ አለኝና ከምርጫው ሥር አንድ ባዶ ቦታ ጨመርኩ፤ “ታሪኩን እዚህ ጻፉ” የሚል።

መከራው ከዚያ ባዶ ቦታ መጣ። ልጆቹ መተየብ አይችሉም። ከስንዴ እንክርዳድ እንደሚለቅም ሰው አንገታቸውን ደፍተው አንዲት ፊደል ሲፈልጉ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አንዱ ተማሪዬ አርባ ደቂቃ ሙሉ ታግሎ የገዛ ስሙን ብቻ ጽፎ ወጣ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። “ቤታችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ ኑ፤ ላብ ውስጥ እሱን ብቻ ገልብጡ” አልኳቸው። ሲጨርሱ ወረቀቱን እሰበስባለሁ። የልጅ እጅ ጽሑፍ መጣል አይሆንልኝም፤ ቤቴ ካርቶን ሙሉ አለኝ። ለወረዳ በላክሁት ሪፖርት ላይ ግን “የእንግሊዝኛ አሳይመንት ሙሉ በሙሉ ከወረቀት ነፃ ሆኗል” ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም እንዲያ ነው የሚጽፈው። እኔ ምን ቤት ነኝ የእውነት ጠበቃ የምሆነው?

ሌላም ነገር አደረግሁ። ስልጠናው ላይ ከታደለን የናሙና ደንብ አንዱን ሳላላምጥ ወደ አማርኛ መለስኩና ላቡ በር ላይ ለጠፍኩት፦ “የሌላውን ሥራ የሠራም ያሠራም ዜሮ ያገኛል፤ ለዲሲፕሊን ኮሚቴም ይቀርባል።” ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምር ነበር።

አሁን ልጅቱን ላምጣት። ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ ከጃናሞራ ገጠር የመጣች ናት። ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ስለሆነ አሥረኛ ክፍል ስትደርስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያው አገር ከመጡ አምስት ሴቶች ጋር ደባርቅ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ስንቃቸው ከየቤታቸው በገበያተኛ ይመጣል። ሁለት ክረምት ቡይት ራስ፣ ተራራው ላይ፣ አንድ የቱሪስት ሎጅ ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ነበር፤ እንግዳ በማይኖርበት ሰዓት እንግዳ መዝጋቢዋ ሴት ኮምፒውተር ላይ መተየብ አስተማረቻት። ጣቶቿ ፊደሉን ሳያዩት ነው የሚያገኙት። ያየኋት ቀን “አንቺ ልጅ፣ ደሞዜን ውሰጂና አንቺ አስተምሪ” ብያት ክፍሉ ሁሉ ስቋል።

በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ሁለት ተማሪዎች ለአዳሪ ትምህርት ቤት ይታጩ ነበር፤ ምግቡም መኝታውም በነፃ። ከሁለቱ አንዷ እሷ እንደምትሆን ማንም አልተጠራጠረም። አባቷ ቁርጡን ነግሯታል፦ “የዘንድሮን ስንቅ እንደምንም እችላለሁ፤ የከርሞውን አልችልም። አዳሪውን ካገኘሽ ተማሪ። ካላገኘሽ ወደ ቤትሽ ነው።” ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ። ያልተሞላላት የኔ አሳይመንት ውጤት ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ ላብ ገቡ። ታብሌቱ ከተማሪው ስላነሰ ለስድስቱ ሴቶች አንዲት ደረሰቻቸው። እኔ ወዲያ ጥግ ፓስወርዱ የጠፋበትን ስረዳ፣ እነሱ ሥራውን ተከፋፍለውታል። ልጅቱ ተቀምጣ የስድስቱንም ወረቀት በየተራ ትተይባለች፤ ባለወረቀቷ አጠገቧ ቆማ ታነብላታለች። እየተየበች ደግሞ የተጣመመውን ታቃናለች፤ የጎረቤት ማሳ የገባ ሰው አረም እያየ አያልፍም። እኔ አላየሁም? አይቻለሁ። ደስም ብሎኛል! ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ስድስት ሥራ ገባልኝ።

በማግስቱ ማሽኗ ስድስቱንም በቀይ አወጣቻቸው። ስድስት ሥራ ከአንዲት ታብሌት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ የአንድ ሰው እጅ የሚመስል። ቀዩን ከኔ በፊት ያየው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነው። የቆየ ወዳጄ ነው፤ ዳባት አብረን ነው ሥራ የጀመርነው፣ የልጁን ክርስትና አብረን በልተናል። ቢሮዬ ድረስ መጣ።

“ስድስት ሰው በአንዲት ሴት እጅ ሲጽፍ አንቺ የት ነበርሽ?” አለኝ። “ሞዴል ትምህርት ቤት የሚመርጡት ገምጋሚዎች በሳምንቱ ይመጣሉ። ይህ ቀይ ነገር ሳይወሰንበት ቢያዩት ምን ልንል ነው? ደንቡን ያወጣሽው አንቺ፣ የፈረምሽውም አንቺ።”

ልጅቱን ጠራኋት። “ምን ሆነሽ ነው የሁሉንም የተየብሽው?” አልኳት።

“ወንፈል ነው እኮ ቲቸር” አለችኝ፤ እንደዚህ ያለ ነገር መጠየቄ ገርሟት። “እኔ እተይብላቸዋለሁ፤ እነሱ የኔን ተራ ውሃ ይቀዳሉ፣ የኔን ተራ ይጋግራሉ። ታሪኩን ግን ሁሉም የየራሱን ነው የጻፈው። በእጃችን የጻፍነው ከእርስዎ ዘንድ አለ አይደል?”

ወንፈል። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን ብሎ ተራ ገብቶ መሥራት። እዚህ አገር ልጅ ማጭድ ከመያዙ በፊት የሚማረው ይህን ነው። ያንን ደንብ ስለጥፍ አንዲት ደቂቃ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ፣ ለእነዚህ ልጆች “ጎረቤት አይኑራችሁ” እያልኳቸው እንደሆነ ይገባኝ ነበር። አላሰብኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ለመልቀሙም አልታደልኩም።

“አለ፤ ወረቀታችሁ እኔ ዘንድ አለ” አልኳት። “አንቺ ዝም በይ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።”

ላስተካክል ነበር፤ እውነቴን ነው። በዚያው ቀን ለምሳ ቤቴ ገብቼ ካርቶኑን ፈታሁና ስድስቱንም አወጣኋቸው። የእሷ ታሪክ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ከጃናሞራ ደባርቅ ስለሚያደርስ ሰው ነበር፤ የአንዷ ስለ አያቷ የንብ ቀፎ፣ የሌላዋ ስለ አንድ ድንጋይ ጠራቢ። ስድስት ዓይነት እጅ፣ ስድስት ዓይነት ስህተት፣ አንዱ ላይ የወጥ ጠብታ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል? ግን እነዚህን ኮሚቴው ፊት ካስቀመጥኩ “ከወረቀት ነፃ” ያልኩት ሪፖርት ውሸት መሆኑ ሊወጣ ነው፤ ያውም ሞዴል ትምህርት ቤት ልንባል ሳምንት ሲቀረን። ዝም አይነቅዝም አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልኩ። ፈሪ ሰው ተረት አያጣም። ወረቀቶቹን መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኳቸው።

አባቷ በገበያተኛ ተልኮበት የአንድ ቀን ተኩል መንገድ በእግሩ መጣ። ኮሚቴው ሦስት ነበርን፦ ምክትሉ፣ አንድ የሥነ ዜጋ አስተማሪና እኔ። አምስቱ ሴቶች “እኛም እንጠየቅ፣ እኛም እንናገር” ብለው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ምክትሉ “ተከሳሽ ለተከሳሽ ምስክር አይሆንም” ብሎ መለሳቸው። ልጅቱን ብቻ አስገባት። አባቷ ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ገባ፤ ይቀመጡ ብንለው እምቢ ብሎ ቆመ። ምክትሉ በአጭሩ ነገረው፦ ልጅዎ የሰው ሥራ ሠርታ ተገኝታለች፣ ውጤቷ ዜሮ ነው፣ ለኮሚቴ የቀረበ ተማሪ ደግሞ ለአዳሪ ትምህርት ቤት አይታጭም።

ሰውየው የገጠር ሰው ነው፤ የሚናገረውን አስቀድሞ በሆዱ ይጨርሰዋል።

“እንግዲህ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እኔ የማውቀው ማሳ ነው” አለ። “በእኛ አገር የሚወቀሰው ለጎረቤቱ ያላጨደ ነው። ያጨደ ሰውማ ምን አጠፋ ይባላል?”

“ትምህርት አጨዳ አይደለም ጋሼ” አለው የሥነ ዜጋው አስተማሪ፣ ሳቅ እያለ።

“ይሁን። ደግ ብላችኋል።” ወደ እኔ ዞረ። “ልጄ ግን አንድ ነገር ነግራኛለች፣ እሜቴ። ሁሉም በየእጁ የጻፈው ወረቀት አለ፣ ያለውም ከእርስዎ ዘንድ ነው ትላለች። ካለ አለ ይበሉኝ፤ ከሌለም የለም ይበሉኝ። የእርስዎን ቃል አምኜ እሄዳለሁ።”

ምክትሉ አየኝ። ልጅቱ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ስጋት አልነበረም። አስተካክለዋለሁ ብያታለኋ! መልሱን እንደምታውቅ ሰው ነው ቆማ የምትጠብቀው።

“የለም” አልኩ። “እኛ ዘንድ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ሁሉም የሚሠራው በታብሌት ነው።”

አባቷ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። “ሰማሽ?” አላት።

በዚያች ቅጽበት ጮሃ ብትሰድበኝ፣ ውሸታም ብትለኝ፣ እግሯ ሥር ወድቄ ባመሰገንኳት ነበር። ወረቀቱን ከእጇ የተቀበልኳት ልጅ ናት። አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ምናልባት ፍርሃቴን አይታ ይሆናል።

“ተሳስቼ ነው አባዬ” አለች። “ቲቸር እንዳሉት ነው።”

ሸፈነችኝ። ወንበሬን ልታድንልኝ የአዳሪ ትምህርት ቤት አልጋዋን ለቀቀች። እኔ! ክፍል ውስጥ ሃምሳ ጎረምሳ በአንድ ቃል ዝም የማሰኘው ሴትዮ፣ ሲያስፈልግ ምላሴ ድንጋይ ሆነ። ይባስ ብሎ ሰውየው እኛን ይቅርታ ጠየቀ። “ልጄ ዋሽታኝ ነው፣ በከንቱ አስቸገርኳችሁ፣ አትቀየሙኝ” አለና እጅ ነሥቶ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። እሷም ተከተለችው። በዚያው ቀን ልብሷን ጠቅልላ አብራው ሄደች።

ገምጋሚዎቹ መጡ። ልጆቹ ታብሌት ይዘው ፎቶ ተነሡ፤ እኔም መሐላቸው ቆሜ ተነሣሁ። ሞዴል ተባልን። ሰርተፊኬቱ ሲሰጠኝ እጄ ላበው፤ ጠርዙ ላይ የጣቴ ምልክት እስከ አሁን አለ። በማግስቱ ስድስቱን ወረቀት ይዤ ምክትሉ ቢሮ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው።

“አለ ለካ” አለ።

“አለ።”

አንድ በአንድ አገላበጣቸው። የወጥ ጠብታዋን በጣቱ ነካት። “የዕጩዎቹ ዝርዝር ከሄደ አራት ቀኑ ነው” አለ። “አሁን ብንከፍተው አንቺም እኔም እንጠየቃለን፤ እሷም አትመለስም። በቃ ተይው።” ተውኩት። ክፉ ሰው ቢሆን በእሱ አሳብቤ እፎይ ባልኩ፤ ክፉ አይደለም። እኔ በፈራሁት ነው የፈራው።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር አምስቱ ሴቶች ብቻ ተመዘገቡ። ዜሮውን በሌላ ፈተና አካክሰው አልፈዋል። ላብ ስንገባ ግን አንዷ የሌላዋን ሥራ አትነካም። አንዷ ፊደል ሲጠፋት ሌላዋ ወደ መስኮት ታያለች። ማሽኗም ከዚያ ወዲህ ቀይ አውጥታ አታውቅም። ደንቡ ሠራ፣ እሰይ!

መጋቢት ላይ አንዷን ከክፍል ስትወጣ አስቀረኋትና ስለ ጓደኛዋ ጠየቅኋት። መጀመሪያ መናገር አልፈለገችም። ቆይታ ግን እያየችኝ አወጣችው።

“ትምህርቱ ስለቀረባት አይደለም የምታለቅሰው” አለችኝ። “አባቷ አያምናትም። ያን ቀን መንገዱን ሁሉ አላናገራትም። ቤት ሲደርሱ፣ ‘ስንቁን ከየትም ከየትም ብዬ ባመጣሁልሽ ነበር፤ በአስተማሪሽ ላይ የምትዋሺ ከሆንሽ ግን ምን ብዬ ሰው አገር እሰድሻለሁ?’ አላት። እኛ እውነቱን እናውቃለን ቲቸር። እሷ ግን ለማንም እንዳንናገር አስምላናለች።”

ትምህርቷን ብቻ የቀማኋት ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ አባቷንም ቀምቻታለሁ።

ቅዳሜ ወረቀቶቹን በቦርሳ ይዤ እህል የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። በቡይት ራስ አልፈን በቧሂት ተራራ አናት ስንሻገር ብርዱ ጆሮዬን ቆረጠው፤ ጆንያ ላይ ተኝቼ ለአባቷ የምለውን እደጋግማለሁ። መካነ ብርሃን አድሬ በጧት በእግሬ ተነሣሁ፤ ሰው እየጠየቅሁ ከቀትር በፊት ደረስኩ። ከቅዳሴ መልስ ደጁ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሲያየኝ ብድግ አለ፣ ጋቢውን አስተካክሎ እጅ ነሣኝ።

“እንደምን ሰነበቱ እሜቴ? ቤቱ ደህና ነው? ሥራው ደህና ነው? ተማሪዎቹ ደህና ናቸው?” እያለ አከታተለው። እንደ ታላቅ እንግዳ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ አስቀመጠኝ። ደግነቱን መቻል አቃተኝና ውሃ እንኳ ሳልቀምስ አፈረጥኩት።

“ጋሼ፣ ልጅዎ አልዋሸችም። ወረቀቱ ነበረ፤ ያለውም እኔ ዘንድ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ‘ተሳስቼ ነው’ ያለችው እኔን አይታ ነው።” ወረቀቶቹን አውጥቼ ሰጠሁት።

ማንበብ አይችልም። አገላበጣቸውና “የእሷ የቱ ነው?” አለኝ። አሳየሁት። ያንኑ ብቻ ለይቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ ሌሎቹን አስተካክሎ መለሰልኝ።

“እንግዲህ ልጄን በድያታለሁ” አለ።

“እኔ ነኝ የበደልኳት!” አልኩ። “ይመልሷት ጋሼ። እኔ ዘንድ ትቀመጥ፤ ምግቧንም፣ ልብሷንም እኔ እችላለሁ። ከርሞ ለአዳሪው እንደገና ትሞክራለች። እኔ ራሴ ተነሥቼ እውነቱን ለሁሉም እናገራለሁ።”

አንገቱን ነቀነቀ። “ከጾሙ በፊት ሽማግሌ መጥቶ ነበር” አለ። “እሺ ብያለሁ። ሰርጉ ከፋሲካ ወዲያ ነው።”

“እምቢ ይበሏቸዋ! እሷስ ምን አለች?”

“እሷማ ከዚያ ቀን ወዲህ ያልኳት ሁሉ እሺ ነው።” ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘው። “ቃሉን የሰጠሁት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ቄሱም አገሩም ቆመው ሰምተውኛል። አሁን ሄጄ ‘አላልኩም’ ብል…” ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዳይከፋኝ የሚጠነቀቅ ሰው ነበር የሚመስለው። “…እኔም እንደ እርስዎ መሆኔ አይደል፣ እሜቴ?”

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ቤት ውስጥ ተጣራ። “ነይ፣ እንግዳ አስታጥቢ። እህል ሳይቀምሱ አይሄዱም።”

ወጣች። ከስታለች። “ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጡ” ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ውሃ አፈሰሰችልኝ፣ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝ፣ አጠገቤም ቆማ “ይብሉ እንጂ፣ ይብሉ” አለችኝ። በላሁ።